የሐበሻ፣ ሳሶ ወይስ ቦቫንስ? ከጣርማበር በላይና በታች ለሚኖር ቤተሰብ የዶሮ ምርጫ

ሰው ባገኘኝ ቁጥር "የትኛዋ ዶሮ ትሻላለች?" ይለኛል። የሚጠብቀው የአንድ ዝርያ ስም ነው። እኔ ደግሞ መልሼ "ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል?" እለዋለሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ምስጢር የደበቅሁት ይመስለዋል።

ምስጢር የለኝም። የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ትንሽ ጓሮ ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቼና ከአማቴ ጋር። ሦስቱንም ዓይነት ዶሮ አርብቼ አይቻለሁ። ታናሽ እህቴ ሸዋ ሮቢት ናት፤ እሷም ታረባለች። በእኔና በእሷ መካከል ያለው፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን እኔ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ሳድር፣ እሷ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ መስኮት ከፍታ ታድራለች። ለእኔ የሆነልኝ ለእሷ አልሆነም። ለእሷ የሆነላትም እኔን አክስሮኛል።

የምጽፈው ለነጋዴ አርቢ አይደለም። ከ5 እስከ 20 ዶሮ በጓሮው ይዞ፣ ልጆቹን እንቁላል እያበላ፣ ለዘይትና ለደብተር የምትሆን ሳንቲም ማግኘት ለሚፈልግ ቤተሰብ ነው።

የሐበሻዋ

የሐበሻ ዶሮ ሲባል አንድ ዝርያ እንዳይመስላችሁ። ገበያ ወጥታችሁ ስሟን ስሙ፤ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ አንገተ መላጣ። አንዷ ከአንዷ በመጠንም በጠባይም ትለያለች።

በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። እንቁላሉም ትንሽ ነው፤ 40 ግራም ገደማ። ቁጥሩን ሰምቶ "ሰነፍ" የሚላት ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ከ12 እስከ 15 ጥላ ትታቀፋለች። 21 ቀን ትቀመጣለች። ከዚያ ጫጩቶቿን ይዛ ሁለት ወር ያህል ትዞራለች። ያ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም፤ ዶሮዋ ግን ሥራ አልፈታችም። የፈረንጇ በመብራትና በማሽን የሚሠራላትን እሷ በሆዷ ሙቀት ትሠራዋለች።

አማቴ ስታስታቅፍ አንድ ነገር አይቀርም። እያንዳንዱን እንቁላል በከሰል ጫፍ ምልክት ታደርግበታለች። ሌላ ዶሮ መጥታ ጎጆው ውስጥ ብትጥልባት ምልክት የሌለው አዲስ ነው፤ ወዲያው ይነሣል። አለበለዚያ አንዱ ሲፈለፈል ሌላው ገና ይሆንና እናትየው ትታው ትነሣለች። እንቁላሎቹ ከ10 ቀን በላይ የቆዩ መሆን የለባቸውም። በ7ኛው ወይም በ8ኛው ቀን ማታ ሞባይል አብርታችሁ እንቁላሉን ከጀርባው እዩት። የደም ሥር የመሰለ ቀይ ክር ካለው ሕይወት አለው። ብርሃኑ እንዲሁ አልፎ ከታየ ባዶ ነው፤ አውጡት።

ድካሟ ጫጩቶቿ ላይ ነው። ዝም ብላችሁ ከለቀቃችኋቸው ግማሹ ያህል ሁለት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ጭልፊት ይወስዳል፣ ሸለመጥማጥ ይወስዳል፣ ብርድ ይገድላል፣ የቀረውን ፈንግል የሚባለው በሽታ ይጨርሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት ጫጩቶቹን ከእናታቸው ጋር ከላይ መረብ ባለው አጥር ውስጥ አውሏቸው። የተፈጨ እህልና ንጹሕ ውሃ ስጧቸው። ብርዱ ካልከፋ በ5ኛው ሳምንት እናትየውን ለዩዋት፤ ቶሎ ወደ መጣል ትመለሳለች። እኛ ይህን ከጀመርን ወዲህ አንድ ዶሮ በዓመት አንድ ዙር ጨምራልናለች።

ዶሮዋ አትታቀፊ የምትባልበት ጊዜም አለ፤ እንቁላሉን ስትፈልጉት። አንዳንዱ ሰው ላባ በአፍንጫዋ ይሰካባታል፣ ወይም ቁልቁል ያንጠለጥላታል። ጭካኔ ነው፤ ተዉት። ሦስት አራት ቀን ጎረቤት ቤት ብታድር፣ ወይም ሥሩ ሽቦ በሆነ ሳጥን ውስጥ ብትውል ይለቃታል።

ደግሞ በዓል ይመጣል። በዓል ሲደርስ የሐበሻ አውራ ዶሮን የሚያህል የለም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ውሎ፣ 12ቱ ብልት ገብቶ፣ ሥጋው ሳይፈርስ የሚቆየው የእሱ ነው። ገበያ የሚወጣው ሰውም ይህን ያውቃል። በኪሎ ከፈረንጁ ያነሰው አውራ በዋጋ ሲበልጠው ታያላችሁ።

ቦቫንስ ብራውን

ይቺ እንቁላል ለመጣል የተፈጠረች ናት። በደንብ ከተያዘች በዓመት ወደ 300 ትጠጋለች። ገና በ5 ወሯ ትጀምራለች። አትታቀፍም። ሥጋዋ እዚህ ግባ አይባልም።

"በደንብ ከተያዘች" የሚለው ሐረግ ግን ብዙ ሰው አክስሯል። አንዷ ቦቫንስ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። ትርፍራፊ አይደለም፤ የተመጣጠነ የእንቁላል ጣይ መኖ። 10 ካሏችሁ በቀን ከ1 ኪሎ ትንሽ ትበልጣለች። አንድ ኩንታል 3 ወር አይደርስም። መኖው ሲጎድል ዶሮዋ አትከራከርም፤ መጣሏን ታቆማለች።

ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ዛሬ የጻፍሁት ለፋሲካ ያረጃል። ይልቅ የራሴን ሒሳብ ልስጣችሁ። 10 ቦቫንስ በአማካይ በቀን 7 እንቁላል ብትሰጥ፣ በ1 ኪሎ መኖ 6 እንቁላል ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ገበያ ወጥታችሁ ሁለት ዋጋ ጠይቁ። የ1 ኪሎ መኖ ዋጋ ከ6 እንቁላል ዋጋ ከበለጠ ዶሮዋ እናንተን እየበላች ነው። እኩል ከሆነ ለእርሻ ማዳበሪያ እያመረታችሁ ነው። ወደ 4 እንቁላል ዋጋ ወርዶ ካገኛችሁት፣ ለመድኃኒቱም ለዶሮዋ መግዣም የሚተርፍ አለ። እኔ ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ነበር 20 የገዛሁት።

መኖውን ቤት መቀላቀል ይቻላል፤ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ ጨው። ግን በግምት ከሆነ ይቅርባችሁ። ፉርሽካ ርካሽ ነው ብሎ እሱን ብቻ ያበዛ ሰው እንቁላሉ ሲሳሳ፣ ዶሮዎቹም እርስ በርስ ላባ ሲነቃቀሉ ያያል። የካልሲየም ጉድለትን ለመሙላት የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ፣ በደንብ አድቅቃችሁ ስጡ። ሳይደቅቅ ከሰጣችኋቸው የገዛ እንቁላላቸውን መብላት ይለምዳሉ። ያን ልማድ የሚያስተወው ቢላዋ ብቻ ነው።

ሳሶ

ሳሶ መሐል ላይ ያለች ናት። እንቁላልም ሥጋም። በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ150 እስከ 200 ትጥላለች። አውራው በ3 እና በ4 ወሩ ከ2 ኪሎ በላይ ይሆናል። ጓሮ ውስጥ ጭራ መብላት ትወዳለች፤ ስለዚህ መኖ ብትገዙም ሙሉውን አትገዙም። ሣር፣ ትል፣ የእህል ግርድ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የደረቀ አተላ ይደግፋታል።

አተላውን ግን አድርቁት። አንድ የጥምቀት ሰሞን የአማቴ አውራ ዶሮ ከእንስራው ሥር እርጥብ አተላ ጠግቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አግኝተነዋል። ልጆቹ እስከ ዛሬ ይስቃሉ። ጨው የበዛበት ወጥም አትድፉላቸው፤ ጫጩት ይገድላል። ሻጋታ የነካው በቆሎና ማሽላም እንደዚያው።

የሳሶ ችግር ዘሯ ነው። ድቅል ስለሆነች እንቁላሏን አስፈልፍላችሁ የምታገኙት ልጅ እንደ እናቱ አይሆንም። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ አንዷ ጣይ አንዷ ታቃፊ ይወጣል። እሷ ራሷም መታቀፍ እምብዛም አታውቅም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ አዲስ መግዛት አለ። በሌላ በኩል የሳሶ አውራን ከሐበሻ ዶሮ ጋር ማቀላቀል ለጓሮ የማይጠላ ነገር ነው። የሚወለደው ከእናቱ ይገዝፋል፣ ከአባቱ ይልቅ ደግሞ ከጭልፊት መሸሽ ያውቃል።

ከእነዚህ ሌላ ኮኮክ የምትባል አለች፤ ገብስማ መልክ ያላት፣ ዘሯ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ። ድቅል ሳትሆን ራሷን የቻለች ዝርያ ስለሆነች እንቁላሏ ቢፈለፈል እሷኑ ይመስላል። ካገኛችሁ ጥሩ ናት። እኛ ጋ እንደ ሳሶ በቀላሉ አትገኝም።

የሥጋ ዶሮን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። በ6 እና በ7 ሳምንት 2 ኪሎ የሚደርሰው ነጩ ማለቴ ነው። ደብረ ብርሃን፣ መንዝ፣ አንኮበር ላላችሁ አይሆንም። በከፍታ ቦታ አየሩ ሲሳሳ፣ ቶሎ የሚያድገው ሰውነቱ የሚፈልገውን ኦክስጅን ልቡ ማድረስ ያቅተዋል። ሆዱ ውሃ ይቋጥርና ይሞታል። ቆላ ያላችሁም ፍሪጅና የተዘጋጀ ገዢ ከሌላችሁ ተዉት።

የ1 ቀን ጫጩት ወይስ የ2 ወር ቄብ?

ብዙ ሰው ዝርያ ይመርጥና ዕድሜ ሳይመርጥ ይገዛል። እኔ የከሰርሁት እዚህ ላይ ነው።

የ1 ቀን ጫጩት ርካሽ ናት። የ45 ወይም የ60 ቀን ቄብ ዋጋዋ ብዙ እጥፍ ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር። "ለምን ያን ያህል እከፍላለሁ?" ብዬ 50 የ1 ቀን ጫጩት በካርቶን ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ ማዕድ ቤቱ ጥግ በጣውላ ከለለልኝ። ሁለት አምፖል ሰቀልን። ለሁለት ቀን ደስ የሚል ነገር ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ወደዚያ ይሮጡ ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። የኅዳር ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው። ወደ 9 ሰዓት ሌሊት ላይ ነቃሁ። የነቃሁት በድምፅ ሳይሆን በዝምታ ነው። ሄጄ ባትሪ ሳበራ ጫጩቶቹ ጥግ ላይ እንደ ጥጥ ተከምረዋል። እጄን ከሥር አስገባሁ። ላይ ያሉት ይንቀሳቀሳሉ። ታች ያሉት ጠፍጣፋና ቀዝቃዛ ናቸው። ብርዱ ብቻ አልገደላቸውም፤ ሙቀት ፍለጋ አንዱ በአንዱ ላይ ሲወጣ ታፍነው ነው የሞቱት። ጠዋት ስንቆጥር 31 ሞተዋል። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ዋለች።

አማቴ አልተቆጣችኝም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ይኸው ነው" ብላ ሳጥን አስመጣች። ከእሷ የተማርሁት ይህ ነው። የእንጨት ሳጥን፣ ዙሪያውን በጆንያ የተያዘ ድርቆሽ፣ ከላይ አየር የሚያስገባ ክዳን። ፍል ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በጨርቅ ተጠቅልሎ መሐል ይቀመጣል። ማታ አንዴ፣ ሌሊት አንዴ ውሃው ይቀየራል። የተረፉት 19ኙ በዚያ አደጉ።

ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እነሱን እዩ። ከተከመሩ በርዷቸዋል። ዳር ዳር ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። እዚህም እዚያም ተበትነው ከተኙ ልክ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳታነዱላቸው። ጭሱ እነሱንም እናንተንም ይገድላል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ደጋ ከሆናችሁ፣ ሌሊት የሚነሣ ሰውም ከሌለ፣ የ2 ወር ቄብ ግዙ። ዋጋው የሌላ ሰው እንቅልፍ ነው። ቆላ ከሆናችሁ የ1 ቀን ጫጩት መሞከር ይቻላል፤ እህቴ በሙቀት ምክንያት አንድም አልሞተባትም።

ቄብ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። አንዴ "60 ቀን ሞልቷቸዋል፣ ሁሉንም ክትባት ወስደዋል" ተብዬ ገዝቼ፣ ቤት ሳደርሳቸው ገና የጫጩት ጠጉር ያልጨረሱ ሆነው አገኘኋቸው። የክትባት ካርዱም "ነገ ይላካል" እንደተባለ ቀረ። አሁን ካርዱን ሳላይ ገንዘብ አላወጣም። ዓይኗ ንቁ፣ እግሯ ቀጥ ያለ፣ ከኋላዋ ላባዋ ያልተጣበቀ መሆኑንም አያለሁ።

ከጣርማበር በላይ፣ ከጣርማበር በታች

ዋሻውን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ዶሮ ግን ጃኬት አታወልቅም። ዶሮ ላብ የላትም። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ መኖ ትቀንሳለች፣ እንቁላሏ ያንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ቤቷ ግማሹ ግድግዳ ግማሹ ሽቦ ይሁን። ጥላ ያለው ዛፍ ሥር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። መኖ ማለዳና ማምሻ ስጡ፤ ቀትር ላይ ውሃ ብቻ፣ ቀዝቃዛ። አንገተ መላጣዋ እዚያ ትመረጣለች። ላባ የሌለው አንገቷ ሙቀት ያስወጣላታል። እኛ ጋ ግን አንገቷን አይቶ የሚያዝንላት ብዙ ነው።

ደጋ ላይ ተቃራኒው ነው። ግድግዳው እስከ ላይ በጭቃ ይመረግ፣ መስኮቱ ከነፋሱ ተቃራኒ ይሁን፣ ማታ ጆንያ ይውረድበት። ግን ሙሉ በሙሉ አትድፈኑት። ብርድ ፈርተው አየር የከለከሉ ሰዎች ዶሮዎቻቸው በኩስ ጠረን ዓይናቸው ሲያነባ ታያላችሁ። ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ በተለይ ለጫጩት። ለ5 ወይም ለ6 ዶሮ 1 ካሬ ሜትር ይበቃል። ለ5 ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን። ቆጥም አትርሱ። ባለቤቴ የሠራልን የመጀመሪያው ቤት ሁሉ ነገር ነበረው፣ ቆጥ ግን ረስቶ ነበር። ዶሮዎቹ በሩ ላይ ማደር ጀመሩ።

ቀን ቀን ቤት ማን ይውላል?

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሦስቱ ዶሮዎች የሚፈልጉት ሰው ይለያያል።

የሐበሻዋ ጠዋት በር የሚከፍትላትና ማታ የሚዘጋባት ሰው ከተገኘ ትኖራለች። ሳሶ ከዚህ ሌላ ጠዋትና ማታ መኖ የሚሰፍር ሰው ትፈልጋለች። ቦቫንስ ግን ሰዓት አክባሪ ትፈልጋለች። ውሃዋ ግማሽ ቀን ቢደርቅ በማግሥቱ እንቁላሉ ላይ ታዩታላችሁ። ባልና ሚስት ተቀጣሪ ከሆናችሁ፣ ልጆች እስከ 10 ሰዓት ትምህርት ቤት ከዋሉ፣ ቦቫንስን ለማን ነው የምትተዉት?

እኛ ቤት ሥራው እንዲህ ተከፍሏል። የ13 ዓመቱ ልጄ ጠዋት ውሃ ይቀይራል፣ ቅዳሜ ጉዝጓዝ ይጠርጋል። የ9 ዓመቷ እንቁላል ትሰበስባለች፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። አንድ ቀን "እማ፣ ዛሬ 3 ጎደለ" ስትለኝ ነው ሸለመጥማጥ መግባቱን ያወቅነው። አማቴ ማስታቀፍና መሸጥ የእሷ ነው። የእንቁላል ገንዘብ እሷና እኔ እንጂ ባለቤቴ አያይም። እሱም አይጠይቅም፤ ጥሩ ነው።

ዶሮና ሰው በአንድ ጣሪያ ማደር የአባቶቻችን ልማድ ነው። ሌባና አውሬ ስላለ ነው፤ ይገባኛል። ግን የሚድህ ሕፃን ካላችሁ ለዩዋቸው። ኩሱ የነካው እጅ አፍ ውስጥ ይገባና ተቅማጡ አይለቅም። እኔ በትንሿ ልጄ አይቼዋለሁ። ከቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘች፣ በሯ በውጭ የሆነች ትንሽ ቤት ብትሠሩ ሌባውንም ትከላከላላችሁ። እንቁላል ሰብስቦ የመጣ ልጅ ደግሞ እጁን ይታጠብ። እንቁላሉን ግን ለማቆየት ካሰባችሁ አትጠቡት፤ ቅርፊቱ ላይ ያለው ስስ መከላከያ ይለቃል። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት ይበቃል።

ጾም ሲገባ

ይህን የሚነግራችሁ የመኖ ሻጭ የለም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ እንቁላል ገበያ ላይ ይወድቃል፤ ቦቫንስ ግን ጾም አታውቅም። መኖው በሙሉ ዋጋ፣ እንቁላሉ በግማሽ። ቦቫንስ ካላችሁ ለሆቴልና ለኬክ ቤት የሚረከብ ሰው ቀድማችሁ ያዙ።

የሐበሻ ዶሮ ያላቸው ግን ጾምን ያተርፉበታል። ማንም የማይገዛውን እንቁላል ያስታቅፋሉ። ቄብ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የ2 ወሯን ታኅሣሥ ላይ ውሰዱ። ጾሙን በማደግ ታሳልፍና ለፋሲካ አካባቢ መጣል ትጀምራለች። ያረጁ ቦቫንሶችን የምታስወግዱበት ቀንም እሱ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ማንኛዋም ዶሮ ገዢ አላት።

ፈንግል

ፈንግል ዝርያ አይመርጥም። ዝናቡ ሲቃረብ፣ ከግንቦት ጀምሮ፣ አንዱ ቤት ይገባና ሰፈሩን ያጸዳል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የሚጠመዘዝ አንገት፣ መተንፈስ ማቃት። መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ይመረታል። ሙቀት የሚቋቋም፣ በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥ ዓይነትም አለ፤ በየ3 እና በየ4 ወሩ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ብቻችሁን አታስከትቡ። እኛ ሚያዝያ ላይ ከስምንት ቤት ጋር ሆነን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንጠራለን። ክትባቱ ለጤነኛ ዶሮ ነው። ከታመመች በኋላ ማስከተብ ገንዘብ መጣል ነው።

በሽታውን ቤት የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ራሳችን ነን። ገበያ ወጥታ ሳትሸጥ የተመለሰችን ዶሮ ከሌሎቹ ጋር መልሶ መቀላቀል። ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ።

እኔ ብሆን

አማት ወይም እናት ቤት ያለችላችሁ፣ ጓሮ ያላችሁ፣ መኖ ለመግዛት የማትፈልጉ፦ አምስት የሐበሻ፣ አንድ የሳሶ አውራ። ጫጩቶቹን ጠብቁ፣ ክትባቱን አትርሱ፤ ሌላውን እነሱ ያውቁበታል።

ሁለታችሁም ሥራ የምትውሉ፣ ልጆች ተማሪ፣ ደጋ፦ ከ6 እስከ 8 የ2 ወር የሳሶ ቄብ። ቤት የሚበላው እንቁላል ይሸፈናል፣ ትርፍ ቢኖር ጎረቤት ይገዛል።

ቀኑን ሙሉ ሰው ያለበት ቤት፣ የመኖ ሻጭ ቅርብ፣ እንቁላል ተረካቢ የተገኘ፦ ያኔ ቦቫንስ፣ 20 እና ከዚያ በላይ። ለ5 ቦቫንስ ኩንታል መኖ ማመላለስ ድካም ብቻ ነው።

ቆላ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ምርጫ የሐበሻዋ ነው፤ ከተቻለ አንገተ መላጣ። ከዚያ ሳሶ። ቦቫንስን ከሙቀቱ ጋር አታታግሏት።

ቦታም ገንዘብም የሌለው ሰው ዶሮዋን ከዘመድ ወስዶ፣ ጫጩቱን እኩል መካፈል ይችላል። የእኛም አገር ልማድ ነው፤ እኔና እህቴ የጀመርነው በዚያ ነው።

ባለፈው ወር ደወለችልኝ። "እትዬ፣ አንገተ መላጣዋ ታቅፋለች፣ የሳሶሽን እንቁላል ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ። 10 መረጥሁ። ትልልቅ ስለሆኑ የሐበሻ ዶሮ ሆድ ከዚያ በላይ አይሸፍንም። የጤፍ ጭድ የሞላ ካርቶን ውስጥ ሹሉን ወደ ታች አድርጌ ደረደርኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ይዤ ዋሻውን አለፍሁ፤ ረዳቱ ሁለት ጊዜ "ከላይ ልጫነው" ብሎኝ ሁለት ጊዜ እምቢ አልሁት። እንደደረስሁ ወዲያው አላስታቀፍናትም፤ የተንገላታ እንቁላል አንድ ቀን ያርፋል። በማግሥቱ ማታ፣ ሲጨልም፣ ከሥሯ አንድ በአንድ አስገባንላት። ከ10ሩ 8 ወጡ።